«ባጠና ለውጥ አመጣለሁ?»፦ የተማሪን እምነት የሚለካው መጠይቅ ስለማን ይመሰክራል?

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ ውጤት በወጣ ቁጥር ሁለት ወገኖች ይሟገታሉ። አንደኛው ወገን «ተማሪው ማጥናት ትቶ ኩረጃንና ዕድልን ተስፋ አድርጎ ይቀመጣል» ይላል። ሌላኛው «መጽሐፍና ቤተ ሙከራ ያላየ፣ መምህር ያልተሟላለት ልጅ ምን አድርጎ ይለፍ?» ብሎ ይመልሳል። ከፈተናው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። በሙግቱ መሐል አንድ ጥያቄ ተዘንግቶ ይቀራል። ተማሪው ራሱ ምን ያምናል? ባጠና ለውጥ እንደሚያመጣ ነው ወይስ ውጤቱ ከእጁ ውጭ እንዳለቀ?

ይህን እምነት በቁጥር የመለካት ሙከራ ከ60 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በሥነ ልቦና ትምህርት «ሎከስ ኦፍ ኮንትሮል» ይባላል፤ በአማርኛ «የቁጥጥር መገኛ» ልንለው እንችላለን። ሰው በሕይወቱ የሚገጥመውን ነገር የሚቆጣጠረው ኃይል በራሱ ውስጥ ነው ወይስ ከራሱ ውጭ ነው ብሎ እንደሚያምን ያመለክታል። መለኪያው ዛሬ ከዩኒቨርሲቲ የምርምር ክፍል ወጥቷል። የ15 ዓመት ተማሪዎችን የሚመዝነው ዓለም አቀፉ የፒሳ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2012 ተማሪዎች በሒሳብ ውጤታቸው ላይ ምን ያህል ሥልጣን እንዳላቸው እንደሚሰማቸው ጠይቋል። የኢትዮጵያ ልጆችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናትም ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አቅርቧል። ቁጥሩ ወደ ትምህርት ቤት ደጃፍ እየቀረበ ስለሆነ፣ ምን እንደሚናገርና ምን እንደማይናገር ከወዲሁ መለየት ያስፈልጋል።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አንድ ነው። መጠይቁ ልጁ ስለሚኖርበት ሁኔታ ማስረጃ ተደርጎ ሲነበብ ይጠቅማል፤ ልጁን ለመፈረጅ ሲውል ይጎዳል።

ሐሳቡ ከየት ተነሣ

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጁሊያን ሮተር የንድፈ ሐሳቡን መሠረት የጣለው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ሰው ለአንድ ነገር የሚደክመው ውጤቱ ስለሚያጓጓው ብቻ እንዳልሆነ አስረዳ፤ ድካሙ ወደ ውጤቱ ያደርሰኛል ብሎ መጠበቅም አለበት። ይህ ግምት ከተሞክሮ ይጠራቀማል። ደጋግሞ ሞክሮ የተሳካለት ሰው «ከሞከርኩ ይሆናል» የሚል ግምት ይዞ ወደ ሚቀጥለው ሥራ ይገባል። ደጋግሞ ሞክሮ ያልተሳካለት ደግሞ ነገሩን ለዕድል፣ ለጉልበተኛ ወይም ላልታወቀ ኃይል ይተዋል። ሮተር እ.ኤ.አ. በ1966 ባወጣው ጥናት ይህን ግምት የሚለካ 29 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አቀረበ። ከ29ኙ 23ቱ ነጥብ የሚያዝባቸው ሲሆኑ፣ ስድስቱ የመጠይቁ ዓላማ በቀላሉ እንዳይታወቅ የተጨመሩ ናቸው።

ከዚህ ውስጥ «ከተሞክሮ» የሚለውን ቃል አንባቢው እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ። ለሮተር የቁጥጥር ስሜት አብሮ የሚወለድ ጠባይ አይደለም። ሰው ከኖረበት ዓለም የተማረው ነገር ነው። ሐሳቡ ከተስፋፋ በኋላ ብዙዎች «ውስጣዊ» የሆነውን ሰው ጎበዝ፣ «ውጫዊ» የሆነውን ደካማ አድርገው መፈረጅ ሲጀምሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 ይህ ስህተት መሆኑን በጽሑፍ ያስጠነቀቀው ራሱ ሮተር ነበር።

ሐሳቡን ወደ ትምህርት ፖሊሲ ያስገባው ግን ሌላ ሰው ነው። በዚያው በ1966 የሶሲዮሎጂ ባለሙያው ጄምስ ኮልማንና ባልደረቦቹ በአሜሪካ መንግሥት ትእዛዝ የተሠራውን የትምህርት እኩልነት ጥናት ይፋ አደረጉ። ጥናቱ 600 ሺህ ያህል ተማሪዎችንና 4 ሺህ ገደማ ትምህርት ቤቶችን ያካተተ ነበር። ተማሪዎቹ ከቀረቡላቸው ጥያቄዎች መካከል ሦስቱ የቁጥጥር ስሜትን የሚመለከቱ ናቸው። ከጥረት ይልቅ ዕድል ይበልጣል ወይ? ወደፊት ለመራመድ ስሞክር የሚያደናቅፈኝ አለ ወይ? እንደኔ ላለ ሰው የመሳካት ዕድሉ ጠባብ ነው ወይ? ውጤቱ ብዙዎችን አስደነገጠ። በተለይ ለጥቁር ተማሪዎች ይህ ስሜት ከትምህርት ውጤት ጋር የነበረው ዝምድና፣ ሕንፃውንና መጻሕፍቱን ጨምሮ ከተለኩት የትምህርት ቤት ግብዓቶች ሁሉ የጠነከረ ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ ግኝት ሁለት ተቃራኒ ትምህርቶች መውሰድ ይቻላል። አንዱ «ችግሩ አስተሳሰብ ነው፤ አስተሳሰቡን ቀይር» የሚል ነው። ሌላው የጊዜውን ሁኔታ ያስታውሳል፤ መድልዎ በሕግ ከተከለከለ ገና ሁለት ዓመት በሆነበት አገር «እንደኔ ላለ ሰው መንገዱ ጠባብ ነው» ያለ ጥቁር ልጅ የተናገረው እውነቱን ነበር። የዛሬው ክርክርም ከእነዚህ ሁለት ንባቦች አልወጣም።

መለኪያው እንዴት ይሠራል

በሮተር መጠይቅ ተማሪው በእያንዳንዱ ጥያቄ ከሁለት ዓረፍተ ነገሮች አንዱን የግድ ይመርጣል። ለምሳሌ የሚከተለውን ጥንድ በዚያው ዓይነት አዘጋጅተን እንመልከት።

ሀ. የሴሚስተር ውጤቴን የሚወስነው ያጠናሁት መጠን ነው።
ለ. የሴሚስተር ውጤቴን የሚወስነው ያስተማረኝ መምህር ነው።

ይህን ወረቀት 80 ተማሪዎች በታጨቁበት ክፍል ለሚማር የ9ኛ ክፍል ልጅ እንስጠው። የሒሳብ መምህሩ የመጣው ትምህርት ከተጀመረ ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ነው እንበል። ልጁ ማታ ማታ ያጠናል፤ ያልተማረውን ምዕራፍ ግን ከየትም አያመጣውም። ስለዚህ «ለ»ን ያከብባል። አራሚው አንድ የ«ውጫዊነት» ነጥብ ይይዝለታል። መምህሩ መቼ እንደመጣ የሚጠይቅ ሣጥን ወረቀቱ ላይ የለም። ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች በአንድ ጊዜ እውነት ሊሆኑ እንደሚችሉም ወረቀቱ አያውቅም።

ከሮተር በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ይህን ጉድለት ለማረም ሞክረዋል። ስቲቨን ኖዊኪና ቦኒ ስትሪክላንድ እ.ኤ.አ. በ1973 ለልጆች የሚሆን፣ «አዎ» ወይም «አይ» ተብለው የሚመለሱ 40 ጥያቄዎች አዘጋጁ። ሃና ሌቨንሰን በዚያው ዘመን ነገሩን በሦስት ከፈለችው፤ «ራሴ»፣ «ኃያላን ሰዎች» እና «ዕድል»። ክፍፍሉ ቀላል ቢመስልም ትልቅ እርምጃ ነበር። «ነገሩ በባለሥልጣን እጅ ነው» የሚል ሰው እና «ነገሩ በዕጣ ነው» የሚል ሰው በሮተር ሚዛን እኩል «ውጫዊ» ናቸው። የመጀመሪያው ግን ዓለም ሥርዓት እንዳላት ያምናል፤ በሥርዓቱ ውስጥ ማን እንደሚወስን ለይቶ ያውቃል፤ ስለዚህ አቤት ሊል፣ ሊደራጅ፣ ሊጠይቅ ይችላል። ለሁለተኛው የሚጠየቅ አካል የለም።

ፓትሪሺያ ጉሪንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1969 በጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች ላይ ያወጡት ጥናትም ወደዚሁ ያመራል። «እኔ በሕይወቴ ላይ ሥልጣን አለኝ» የሚለው እምነት እና «በአጠቃላይ ሰው ያገኘው የደከመበትን ነው» የሚለው እምነት የተለያዩ መሆናቸውን አሳዩ። የወገናቸውን ድህነት በግለሰቦች ድክመት ሳይሆን በመድልዎ ሥርዓት ያመካኙ ተማሪዎች ለጋራ ትግል ይበልጥ የተነሣሡ ነበሩ። በአንድ ድምር ቁጥር ቢመዘኑ «ውጫዊ» ተብለው የሚያልፉት እነዚህ ናቸው።

ቁጥሩ ምን ያህል ይታመናል

ማንኛውም መለኪያ ሁለት ፈተና አለበት። አንደኛው አስተማማኝነት ነው፤ ዛሬ የሰጠውን ቁጥር ነገም ይሰጣል ወይ? ሁለተኛው ተገቢነት ነው፤ እለካለሁ ያለውን በእርግጥ ይለካል ወይ?

አስተማማኝነቱን በምሳሌ እናስላ። ከ23 የሚታሰብ መጠይቅ አለን እንበል። የተማሪዎቹ ውጤት ከአማካዩ የሚርቅበት መደበኛ ልዩነት 4 ነጥብ፣ የአስተማማኝነት መጠኑ 0.7 ይሁን። ይህ በዘርፉ «ደህና ነው» ተብሎ የሚታለፍ መጠን ነው። በዚህ ስሌት የአንድ ተማሪ ውጤት የስህተት ክልል ከላይም ከታችም 4 ነጥብ ከሩብ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ 11 ያገኘ ተማሪ እውነተኛ ቦታው ከ7 እስከ 15 ባለው ሰፊ መስክ ውስጥ የትም ሊሆን ይችላል። 9 ያገኘችን ተማሪ «ውስጣዊ»፣ 13 ያገኘን ተማሪ «ውጫዊ» ብሎ መፈረጅ በአነስተኛ የጥያቄ ብዛት በሚመጣ መዋዠቅ ላይ ፍርድ መስጠት ነው። የአንድ ሺህ ተማሪዎች አማካይ ሲወሰድ ግን ከተማሪ ወደ ተማሪ የሚለያየው የዘፈቀደ ስህተት እርስ በርሱ ይጣፋል። መለኪያው ለአንድ ልጅ ደካማ፣ ለብዙ ልጆች አማካይ ግን ጠንካራ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ልዩነት ሳይዙ ቁጥሩን መጠቀም አደገኛ ነው።

ከትምህርት ውጤት ጋር ያለው ዝምድናስ? ሞሪን ፊንድሊና ሃሪስ ኩፐር እ.ኤ.አ. በ1983 የቀደሙ ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ ውስጣዊ የቁጥጥር እምነት ያላቸው ተማሪዎች የተሻለ ውጤት እንደሚያመጡ አረጋገጡ። አማካይ ተዛምዶው ግን 0.18 አካባቢ ነበር። በተማሪዎች መካከል ካለው የውጤት ልዩነት ይህ እምነት የሚያብራራው ሦስት በመቶ ያህል ብቻ ነው ማለት ነው። ትንሽ ነው፤ ግን ባዶ አይደለም። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1970 የተወለዱ ልጆችን የተከታተለ ጥናት፣ በ10 ዓመታቸው ይበልጥ ውስጣዊ የነበሩት በ30 ዓመታቸው የተሻለ ጤና እንደነበራቸው አሳይቷል።

እዚህ ላይ የምክንያትና የውጤት አቅጣጫ መለየት አለበት። እምነት ጥረትን ይወልዳል፤ ጥረት ውጤትን ይወልዳል፤ ውጤት ደግሞ ተመልሶ እምነትን ይወልዳል። ካርዱ ላይ ጥሩ ማርክ ያየ ልጅ በማግሥቱ ቢጠየቅ የቁጥጥር ስሜቱ ከፍ ብሎ ይገኛል። በአንድ ቀን የተሞላ መጠይቅ ከሁለቱ ማን እንደቀደመ ሊነግረን አይችልም።

ቁጥሩ ከዘመን ጋር መንቀሳቀሱም የታወቀ ነው። ጂን ትዌንጊና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2002 በአሜሪካ የተሰበሰቡ መረጃዎችን አነጻጽረው እ.ኤ.አ. በ2004 አሳትመዋል። የ2002 አማካይ የኮሌጅ ተማሪ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከነበሩት ተማሪዎች ከ80 በመቶው ይበልጥ ውጫዊ ሆኖ ተገኝቷል። በ40 ዓመት የሰው ተፈጥሮ አይለወጥም። የተለወጠው አካባቢው ነው፤ መለኪያውም ያንን መዝግቧል።

መጠይቁ አማርኛ ሲናገር

በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ መጠይቅ ወደ አማርኛ ሲመለስ ቃላቱ ቢመጡም ሚዛኑ ሊሰበር ይችላል። የመጀመሪያው ችግር «አዎ» ራሱ ነው። መረጃ ሰብሳቢው «ማጥናት ምንም አይጠቅምም» የሚለውን አንብቦ «ትስማማለህ?» ሲል፣ አንዱ ልጅ «አዎ፣ አይጠቅምም» ይላል። ሌላው «አይ፣ አይጠቅምም» ይላል። ሦስተኛው «አዎ፣ ይጠቅማል እንጂ» ሊል ይችላል። በአማርኛ አሉታዊ ጥያቄ ሲቀርብ «አዎ» እና «አይ» ብቻቸውን ሙሉ መልስ አይሆኑም፤ ትርጉሙን የሚያስረው ተከትሎ የሚመጣው ግስ ነው። ቅጹ የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ከወሰደ፣ ተመሳሳይ እምነት ያላቸው ልጆች በተቃራኒ ሣጥን ይገባሉ።

ሁለተኛው ችግር ከአስተዳደግ ይመጣል። ከወረዳ ወይም ከከተማ የመጣ እንግዳ ወረቀት ይዞ ሲጠይቅ ብዙ ልጅ መስማማትን ይመርጣል፤ ትልቅ ሰውን መቃወም ነውር ነው። ሁሉም ጥያቄዎች በአንድ አቅጣጫ ከተጻፉ ጨዋነት እንደ እምነት ይቆጠራል።

ሦስተኛው ከሁሉ የጠለቀ ነው። «እግዚአብሔር ካለ» ወይም «ኢንሻአላህ» ሳይል ስለነገ የሚናገር ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ይህን በሮተር ሚዛን ብቻ የሚያነብ ሰው ሕዝቡን በጅምላ «ውጫዊ» ሊለው ይችላል። የሚያነበው ግን ተሳስቶ ነው። ገበሬው «እግዜር ካለ» ብሎ በሌሊት ሞፈርና ቀንበሩን ይዞ ይወጣል። ተማሪዋ ስለት ተስላ እስከ እኩለ ሌሊት ታጠናለች። «ከመሮጥ ማንጋጠጥ» የሚለው አንደበት «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብሎ ልጁን ያበረታታል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲል ደግሞ በመጠይቁ ጨርሶ ያልተጠየቀውን ሦስተኛ ሥልጣን ይጠራል፤ የጋራ ጉልበትን። በባህሉ እነዚህ እምነቶች አይጣሉም፤ ተደጋግፈው ይኖራሉ። አንዱን ምረጥ የሚል መጠይቅ በልጁ ልብ ውስጥ የሌለ ጠብ ይፈጥራል። በውጭ የተሠሩ የኋላ መለኪያዎች የፈጣሪን ድርሻ ለብቻው ከዕድል ለይተው መጠየቅ የጀመሩት ይህን በመረዳት ነው።

ስህተት ወይስ ምስክርነት?

ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም ልጆችን ሲከታተል ቆይቷል። በኢትዮጵያ የተመዘገቡት ሦስት ሺህ ያህል ናቸው። በዕድሜ ከፍ ላሉት ልጆች ከቀረቡት ጥያቄዎች መካከል አምስቱ በሕይወታቸው ላይ ያላቸውን ሥልጣን ይመለከታሉ። ጠንክሬ ብሠራ ኑሮዬ ይሻሻላል? ጊዜዬን እንዴት እንደማሳልፍ የሚወስኑት ሌሎች ናቸው? የምሠራውን ሥራ መምረጥ አልችልም? የሚሉ ይገኙባቸዋል። ስቴፋን ዴርኮንና ፕራሚላ ክሪሽናን እ.ኤ.አ. በ2009 መረጃውን ሲመረምሩ፣ በ12 ዓመት ልጆች ላይ የታየው እንዲህ ያለ ስሜት ከቤተሰባቸው የኑሮ ሁኔታ ጋር እንደሚዛመድ አሳይተዋል።

ሁለተኛውን ጥያቄ በቅርበት እንየው። ከትምህርት በፊት ጀሪካን ይዛ ምንጭ የምትወርድ፣ ከትምህርት መልስ ታናሿን የምትይዝ የ12 ዓመት ልጅ «ጊዜዬን የሚወስኑት ሌሎች ናቸው» ብትል ምን ተለካ? ነጥቡ «ዝቅተኛ የቁጥጥር ስሜት» ተብሎ ይመዘገባል። የተለካው ግን የውሃው ርቀት ነው። ቦኖ ውሃ ደጃፏ ቢደርስ ያለ ምንም የሥነ ልቦና ሥልጠና መልሷ ሊቀየር ይችላል።

ፈተናውም እንዲሁ ነው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,328 እንደነበሩ ትምህርት ሚኒስቴር አስታውቋል። ከእነዚህ በአንዱ የሚማር የ11ኛ ክፍል ልጅ ከፊቱ የነበሩትን ያያል። የክፍሉ አንደኛ የነበረው ሰነፍ አልነበረም፤ ግን አላለፈም። ልጁ «ጥረት ብቻውን አያሳልፍም» ቢል ከማስረጃ ተነሥቶ የደረሰበት ድምዳሜ ነው። እንዲህ ያለውን መልስ «የተዛባ አስተሳሰብ» ብሎ ልጁን ለምክር አገልግሎት መላክ ምስክርን እንደ ተከሳሽ ማቆም ይሆናል።

የነርቭ ሳይንስም ወደዚሁ ይጠቁማል። ስቲቨን ማየርና ማርቲን ሴሊግማን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ባካሄዱት ሙከራ፣ ሊያመልጡት የማይችሉት ጉዳት የደረሰባቸው እንስሳት በኋላ ማምለጥ ሲችሉም እጃቸውን እንደሚሰጡ አሳይተው ነበር። «የተማረ ረዳት አልባነት» አሉት። ከ50 ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ራሳቸው ሐሳቡን ገለበጡት። ለረዘመ መከራ የአንጎል የመጀመሪያ ምላሽ መፍዘዝ ነው፤ ከተሞክሮ የሚማረው «መቆጣጠር እችላለሁ» የሚለውን ነው አሉ። ለትምህርት ቤት ትርጉሙ ግልጽ ነው። የቁጥጥር ስሜት በግድግዳ ላይ በተለጠፈ መፈክር አይገባም። ልጁ ሞክሮ፣ ሙከራው ለውጥ ሲያመጣ በዓይኑ አይቶ የሚማረው ነገር ነው።

ይህ ማለት እምነትን በቀጥታ መንካት ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ቲሞቲ ዊልሰንና ፓትሪሺያ ሊንቪል እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተሙት ሙከራ፣ ውጤታቸው ያሳሰባቸውን የመጀመሪያ ዓመት የኮሌጅ ተማሪዎች ውጤት ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ እንደሚሻሻል አስረዷቸው። ይህን መረጃ ያገኙት ትምህርት የማቋረጣቸው መጠን ካላገኙት ያነሰ ሆነ፤ የተሳታፊዎቹ ቁጥር ግን ጥቂት ነበር። በአገራችን ደግሞ ታንጊ በርናር፣ ስቴፋን ዴርኮን፣ ኬት ኦርኪንና ዓለማየሁ ስዩም ታፈሰ በምዕራብ ሐረርጌ ዶባ ወረዳ ለገበሬ ቤተሰቦች አጫጭር ዘጋቢ ፊልሞች አሳይተዋል። ፊልሞቹ ከእነሱው ዓይነት ኑሮ ተነሥተው በራሳቸው ጥረት የተሻሻሉ ሰዎችን ታሪክ ይተርካሉ። ከስድስት ወር በኋላ የተመልካቾቹ ምኞት ከፍ ብሎ፣ በቁጠባቸውና ለልጆቻቸው ትምህርት በሚያወጡት ገንዘብም ጭማሪ ታይቷል። የሁለቱም ሙከራዎች ጉልበት እውነተኛ መረጃ መስጠታቸው ላይ ነው። በር በተከፈተበት ቦታ በሩ መከፈቱን መንገር ይሠራል። በተዘጋ በር ፊት «በርታ፣ ግፋ» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

ተዋናዮቹና ጥቅማቸው

በዚህ መለኪያ ዙሪያ አራት ወገኖች አሉ። ተመራማሪው ከሌላ አገር ጋር የሚያነጻጽረው ቁጥር ስለሚፈልግ የመጠይቁን ቃል መቀየር አይወድም። መንግሥትና ለጋሽ ድርጅቶች በአጭር ጊዜ የሚታይ ለውጥ ይፈልጋሉ። የአንድ ሰሞን ሥልጠና የመጠይቅ ነጥብ ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ መምህር ማሟላት ግን ዓመታትና በጀት ይጠይቃል። ርካሹን ለውጥ የመምረጥ ፈተና የሚመጣው ከዚህ ነው። መምህሩ በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ማን ተስፋ እንደቆረጠ የሚያይበት መንገድ ቢያገኝ ደስ ይለዋል፤ ውጤቱ የእሱ መመዘኛ እንዳይሆን ግን ይሰጋል። ተማሪውና ወላጁ ብዙውን ጊዜ ምን እንደተለካ እንኳ አይነገራቸውም።

አንጄላ ዳክወርዝና ዴቪድ ዬገር እ.ኤ.አ. በ2015 እንዲህ ያሉ መጠይቆችን ትምህርት ቤትን ለመሸለምና ለመቅጣት መጠቀም ትክክል እንዳልሆነ አስጠንቅቀዋል። ከምክንያቶቹ አንዱ በፍጥነት ይገባል። ማርክ ወይም ሽልማት የሚያስገኘው መልስ የትኛው እንደሆነ ተማሪ በአንድ ቀን ያውቀዋል። «በጥረቴ አምናለሁ» የሚለው መልስ ዋጋ ባወጣ ማግሥት ሁሉም አማኝ ይሆናል፤ ቁጥሩም መረጃነቱን ያጣል።

ሦስት ሊሆኑ የሚችሉ መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ ቁጥሩ መፈረጃ የሚሆንበት ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ነጥቡ በፋይሉ ይቀመጣል፤ ምደባና ድጋፍ በእሱ ይወሰናል። ከላይ ባሰላነው የስህተት ስፋት ብዙ ልጅ በማይገባው ሣጥን ይገባል። ከዚህ የከፋው «ውጫዊ» የተባለው ልጅ ስሙን ሰምቶ የሚማረው ነገር ነው፤ ስለሱ የወሰነው ደግሞ ሌላ ሰው ሆነ። መለኪያው ሊፈውሰው የመጣውን በሽታ ያባብሰዋል።

ሁለተኛው መንገድ መለኪያውን ጨርሶ መተው ነው። ከመጀመሪያው ይሻላል፤ ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። ስለተማሪ የምናውቀው የፈተና ውጤቱን ብቻ ይሆናል። ፈተና ደግሞ የሚነግረን ዘግይቶ ነው። በ9ኛ ክፍል ተስፋ የቆረጠ ልጅ በ12ኛ ክፍል ሲወድቅ ነው የምናየው።

ሦስተኛው መንገድ ቁጥሩን ልጁ ለኖረበት ሁኔታ መመርመሪያ ማድረግ ነው። መጠይቁ ያለ ስም ይሞላል፤ ውጤቱ በክፍልና በትምህርት ቤት ደረጃ ብቻ ይጠቃለላል። «ራሴ»፣ «ሌሎች ሰዎች»፣ «ዕድል»፣ «ፈጣሪ» እና «እኛ በጋራ» ለየብቻ ይጠየቃሉ። ጥያቄዎቹ ከተማሪዎች ጋር በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛና በየአካባቢው ቋንቋ ተፈትነው ይጻፋሉ። ከእምነቱ ጎን ሁኔታውም ይጠየቃል፤ መምህር ስንት ቀን ቀረ? መጽሐፍ አለ? ከቤት ሥራ በኋላ ስንት ሰዓት ይተርፋል? አንድ ትምህርት ቤት ከጎረቤቱ በብዙ የወረደ የቁጥጥር ስሜት ሲያሳይ፣ ጥያቄው «ልጆቹ ምን ሆኑ?» ከሚል ይልቅ «እዚያ ግቢ ውስጥ ጥረት ለምን ዋጋ አጣ?» የሚል ይሆናል። የዚህ መንገድ ጉድለት አድካሚነቱና መልስ የሚጠብቀው ከአስተዳደሩ መሆኑ ነው። በጅምላ የመተግበር ዕድሉ ጠባብ የሚሆነውም ከዚሁ የተነሣ ነው። የመጀመሪያው መንገድ ርካሽና ፈጣን ስለሆነ ማንም ሳይወስንበት ሾልኮ ሊገባ ይችላል።

ሚዛኑ ሲታይ

ከ60 ዓመት ጥናት በኋላ በእርግጠኝነት መናገር የምንችለው ይህን ነው። የተማሪ የቁጥጥር ስሜት እውነተኛ ነገር ነው፤ ከትምህርት ውጤትና ከጤና ጋር መጠነኛ ግን የማይካድ ዝምድና አለው። ከተሞክሮ የሚማሩት ነው፤ ስለዚህ ሊለወጥ ይችላል። ያሉት መጠይቆች የብዙ ተማሪዎችን አማካይ ለማየት ይበቃሉ፤ በአንድ ልጅ ላይ ለመፍረድ ግን አይበቁም። በባህላችን ተደጋግፈው የሚኖሩትን እምነትና ጥረት እንደ ተቃራኒ የሚያይ ትርጉም ደግሞ ገና ከመነሻው የተሰበረ ሚዛን ነው።

ስለዚህ ነገ አንድ ፕሮጀክት ወረቀት ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ሲመጣ ርዕሰ መምህሩ፣ መምህሩና የወላጅ ኮሚቴው ሦስት ነገር ይጠይቁ። ስም ይጻፍበታል ወይ? ጥያቄዎቹ በልጆቻችን ቋንቋ ተፈትነዋል ወይ? ውጤቱ ዝቅ ቢል የሚለወጠው ማነው፣ ልጁ ወይስ ትምህርት ቤቱ? ለሦስተኛው ጥያቄ አጥጋቢ መልስ ከሌለ ወረቀቱ ይመለስ። «ባጠና ለውጥ የለውም» ያለ ልጅ ስላየው ነገር የሚነግረን አለው፤ ከመምከራችን በፊት እናዳምጠው።